«የከፈልነው ገንዘብ የት ይገባል?»፦ የጤና መድን አባልነትና የሕዝብ ገንዘብ

ምርት ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ በአብዛኛው ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ባሉት ሳምንታት፣ የጤና መድን መዝጋቢዎች ደረሰኝና መዝገብ ይዘው ወደየቀበሌው ይወጣሉ። ወቅቱ የተመረጠው በገጠር ጥሬ ገንዘብ በእጅ የሚገኘው ያን ጊዜ በመሆኑ ነው። ይሁንና የመሬት ግብር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ልዩ ልዩ መዋጮና የሠርግ ወጪም የሚመጡት በዚሁ ወቅት ነው። ስለዚህ መዝጋቢው ከአንድ አባወራ ወይም እማወራ ደጃፍ ሲደርስ የሚጠብቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄም ይጠብቀዋል። «ባለፈው ዓመት ከፍለን ማንም አልታመመብንም፤ ገንዘባችን የት ገባ?» «ጤና ጣቢያ ስንሄድ መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ እንባላለን፤ ታዲያ ለምን እንከፍላለን?» «ግብር እየከፈልን ይህ ደግሞ ሌላ ግብር አይደለም ወይ?»

እነዚህ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ «የግንዛቤ እጥረት» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ይታለፋሉ። አጠራሩ ትክክል አይደለም። ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የት እንደሚውል የሚጠይቅ ዜጋ ግንዛቤ አላነሰውም። ከጥያቄዎቹ መካከል አጥጋቢ መልስ ያላቸው አሉ፤ መልሳቸው ገና በሥራ መታየት ያለበትም አሉ። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ሁለቱንም ለይቶ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች እንዲሁም በትግራይ ክልሎች በተመረጡ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ነበር። የታሰበውም ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው፣ ማለትም በግብርናና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች ነው። ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሰው ሲታመም ካርድ ለማውጣት፣ ለምርመራ፣ ለመድኃኒትና ለአልጋ በየመስኮቱ ይከፍላል። ገንዘብ ከሌለው ይበደራል፣ በሬውን ወይም ላሙን ይሸጣል፣ አለዚያም ሕመሙን ታቅፎ ቤቱ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ የተሸጠ የእርሻ በሬ የሚያስከትለው ጉዳት በሕክምናው ወጪ ብቻ አይለካም፤ በቀጣዩ ክረምት ሳይታረስ የሚቀረው መሬትም አብሮ ይቆጠራል።

የመድኑ አሳብ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። እድርተኛ በየወሩ የሚከፍለው በዚያ ወር ከቤቱ ሰው ስለሞተበት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ሐዘን ያልደረሰበት አባልም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ ዳኛውን አይጠይቅም። በጤና መድን ላይ ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የእድሩን ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አባላቱ በስም ያውቋቸዋል፤ ድንኳኑንና ወንበሩን በዓይናቸው ያያሉ፤ ሒሳቡ በፊታቸው ይነበባል። የጤና መድን ገንዘብ ግን ከቀበሌው ወጥቶ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መንገዱን አብዛኛው አባል አያየውም። ያልታየ ገንዘብ ደግሞ መጠርጠሩ አይቀርም።

መንገዱ የሚከተለው ነው። አባሉ መዋጮውን ሲከፍል ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆረጥለታል። በቀበሌ ደረጃ የተሰበሰበው ገንዘብ ለጤና መድን ብቻ ተብሎ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ገቢ ይደረጋል፤ ከወረዳው መደበኛ በጀት ጋር አይቀላቀልም። የወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ከጤና ጣቢያዎችና ከሆስፒታሎች ጋር የአገልግሎት ውል ይገባል። አባሉ ታምሞ ካርዱን ይዞ ሲሄድ በመስኮት አይከፍልም፤ የጤና ተቋሙ የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ የክፍያ ጥያቄ ለጽሕፈት ቤቱ ያቀርባል። ጽሕፈት ቤቱ ጥያቄውን ከመክፈሉ በፊት ይመረምራል። በሽተኛው በእርግጥ አባል ነበር? የታዘዘው መድኃኒት ከሕመሙ ጋር ይስማማል? የተጠየቀው ዋጋ በውሉ ከተቀመጠው አይበልጥም? ይህ ምርመራ በጥንቃቄ በሚካሄድበት ወረዳ ያላግባብ የተጠየቀ ሒሳብ ተቀናሽ ይደረጋል። በለዘብታ በሚታለፍበት ወረዳ ደግሞ የአባላቱ ገንዘብ ላልተሰጠ አገልግሎት ሊወጣ ይችላል። ስለ ገንዘቡ የሚጠይቅ ሰው ትኩረቱን በዚህ ነጥብ ላይ ቢያደርግ የተሻለ ነው፤ ብዙው ብር የሚድነውም የሚባክነውም በክፍያ ምርመራው ላይ ነውና።

በብዙዎች ዘንድ የማይታወቅ አንድ ነገር አለ። ከሙከራው ጊዜ አንሥቶ የወረዳ ጤና መድን ሠራተኞች ደመወዝና የሥራ ማስኬጃ በመንግሥት በጀት እንዲሸፈን፣ የአባላት መዋጮ ግን ለሕክምና ክፍያ እንዲውል ተደርጎ ነው የተቀረጸው። ስለዚህ «መዋጮው የቢሮ ሠራተኛ መቀለቢያ ነው» የሚለው ጥርጣሬ ከአሠራሩ ጋር አይገጥምም። በአንድ ወረዳ ከዚህ የተለየ ነገር ቢታይ የአሠራር ጥሰት ስለሆነ በዚያው መልክ ሊጠየቅበት ይገባል።

«ግብር እየከፈልን ይህ ደግሞ ሌላ ግብር አይደለም ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሕክምና ዋጋ በማን እንደሚሸፈን ማየት ያስፈልጋል። በመንግሥት ጤና ተቋም አንድ ሰው በመስኮት የሚከፍለው ገንዘብ የሕክምናው ሙሉ ዋጋ አይደለም። የሐኪሙና የነርሷ ደመወዝ፣ ሕንፃው፣ ዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች ከግብርና ከሌሎች የመንግሥት ገቢዎች የሚሸፈኑ ናቸው። ታካሚው የሚጠየቀው በአመዛኙ የመድኃኒቱንና የምርመራውን ዋጋ ነው። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀውን የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ተከትሎ ጤና ተቋማት ይህን ገቢ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ከማስገባት ይልቅ ለመድኃኒት ግዢና ለአገልግሎት ማሻሻያ እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል። የጤና መድን መዋጮ የሚተካውም ይህንኑ በመስኮት የሚከፈለውን ድርሻ ነው። ግብሩ የጤና ጣቢያውን በር ክፍት ያደርጋል፤ መዋጮው ደግሞ አባሉ በዚያ በር ገብቶ ሲታከም ከኪሱ ያወጣ የነበረውን ይሸፍናል።

በተጨማሪም መንግሥት በመድኑ ላይ በሁለት መንገድ ድጎማ ያደርጋል። አንደኛው ጠቅላላ ድጎማ ሲሆን ከአባላት በተሰበሰበው መዋጮ ላይ የፌዴራል መንግሥት የሚጨምረው ነው፤ በሙከራው ወቅት የመዋጮውን 25 በመቶ ያህል ነበር፣ ኋላም ወደ 10 በመቶ ዝቅ ብሏል። ሁለተኛው የመክፈል አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች ክልልና ወረዳ ሙሉ መዋጯቸውን የሚከፍሉበት ነው። በዚህ ሁለተኛው ላይ የሚነሣው ቅሬታ ጠንከር ያለ ነው። «እገሌ ሁለት በሬ እያለው በነፃ ተመዘገበ፤ እገሊት ጎጆዋ እያፈሰሰ ክፈይ ተባለች» ሲባል ይሰማል። የምልመላው ሥራ ለቀበሌው ማኅበረሰብ የተተወው ጎረቤት የጎረቤቱን ኑሮ ከማንኛውም መዝገብ በላይ ያውቃል በሚል እምነት ነው። እምነቱ ትክክል የሚሆነው ግን የተመረጡት ሰዎች ስም በአደባባይ ተነብቦ ነዋሪው «ይህ ይገባዋል፣ ይህ አይገባውም» ለማለት ዕድል ሲያገኝ ነው። ዝርዝሩ በጥቂት ሰዎች መካከል ተጽፎ ከጸደቀ ዝምድናና ውለታ ሊገቡበት ይችላሉ። የክፍያ አቅም የሌለው ሆኖ ሳለ ከዝርዝሩ የቀረ ሰው ቅሬታውን በመጀመሪያ ለቀበሌው፣ ከዚያም ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይችላል፤ ዝርዝሩ በየጊዜው የሚታደስ ስለሆነም አንድ ጊዜ መቅረት ለዘለዓለም መቅረት አይደለም።

የአገሪቱ የጤና ወጪ በጠቅላላ ሲታይ የመድኑ አስፈላጊነት ይበልጥ ይገለጣል። በ2006 የበጀት ዓመት ለጤና ከወጣው ገንዘብ ወደ 33 በመቶ የሚሆነው በቀጥታ ከቤተሰብ ኪስ የወጣ ነበር። በ2009 የበጀት ዓመት ይህ ድርሻ ወደ 31 በመቶ ዝቅ ቢልም ከሦስቱ ብር አንዱ አሁንም በሽተኛው ወይም አስታማሚው ተጨንቆ ያመጣው ገንዘብ ነበር ማለት ነው። ከቀረው ውስጥ ትልቁን እጅ የያዘው ከውጭ አጋሮች የሚመጣው እርዳታ ሲሆን የመንግሥት ድርሻ ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነበር። የአፍሪካ መንግሥታት በ1993 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ከዓመታዊ በጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተዋል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ ከዚያ ደረጃ አልደረሱም። ስለዚህ «መንግሥት ለጤና ይበልጥ ይመድብ» የሚለው የዜጎች ጥያቄ ከመድን አባልነት ጋር የሚጋጭ አይደለም። አባል የሆነ ሰው ጥያቄውን ይበልጥ አጥብቆ ለማንሣት ምክንያት አለው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ያልታመመ ሰው ገንዘብ የት ይገባል? በምሳሌ ቢታይ ይቀላል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በአንድ ቀበሌ 600 ቤተሰቦች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው በዓመት 500 ብር ቢያዋጡ 300,000 ብር ይሰበሰባል። በዓመቱ ውስጥ 60 ቤተሰቦች ሕመም ደርሶባቸው ለእያንዳንዳቸው በአማካይ 4,000 ብር ቢወጣ ጠቅላላ ወጪው 240,000 ብር ይሆናል። 60,000 ብር ይተርፋል፤ ለማንም ሳይከፋፈል ለቀጣዩ ዓመት መጠባበቂያ ይሆናል። አሁን ደግሞ «እኔ ጤነኛ ነኝ» የሚሉት 400 ቤተሰቦች ቀሩ፤ የተመዘገቡት 200 ብቻ ናቸው፤ ነገር ግን ሕመም ያለባቸው 60ዎቹ ቤተሰቦች አንዳቸውም አልቀሩም እንበል። ገቢው 100,000 ብር፣ ወጪው ግን ያው 240,000 ብር ነው። ሆስፒታሉ ክፍያው ይዘገይበታል፤ ክፍያ የዘገየበት ተቋም መድኃኒት መግዛት ያቅተዋል፤ መድኃኒት ያጣው አባል በሚቀጥለው ዓመት አያድስም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። ከሰበሰቡት በላይ ወጪ የገጠማቸውና ለሆስፒታሎች ዕዳ ያለባቸው ወረዳዎች ነበሩ፤ አሉም። አባልነት በግለሰብ ሳይሆን በሙሉ ቤተሰብ እንዲሆን የተደረገውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። ጤነኞቹን ትቶ የታመመውን ብቻ ማስመዝገብ ቢፈቀድ የጋራ ቋቱ ዓመት አይቆይም ነበር። የአንድን ወረዳ ሸክም ብዙ ወረዳዎች እንዲጋሩት መዋጮውን በዞን ወይም በክልል ደረጃ በአንድ ቋት የማሰባሰብ ሥራ የተጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቋቱ መስፋት ገንዘቡን ከመንጠፍ ያድናል፤ በሌላ በኩል ግን ገንዘቡን ከአባሉ ዓይን ይበልጥ ያርቀዋል። በመሆኑም ቋቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ሒሳቡ ወደ ታች ወርዶ በየቀበሌው መነበቡ ይበልጥ አስፈላጊ ይሆናል።

በሙከራው ወረዳዎች የተካሄዱ ጥናቶች አባል የሆኑ ቤተሰቦች በመንግሥት ጤና ተቋማት የተመላላሽ ሕክምና የመጠቀም ልማዳቸው ከ30 እስከ 41 በመቶ መጨመሩን አሳይተዋል። ቀድሞ ገንዘብ በማጣት ቤታቸው ይቀሩ የነበሩ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ መምጣት ጀምረዋል ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር አባል ከሆኑት መካከል ከአምስቱ አራት ያህሉ አባልነታቸውን አድሰዋል። አንዱ ደግሞ ሳያድስ ቀርቷል፤ የዚህኛው ሰው ምክንያት ከአራቱ ደስታ ያልተናነሰ ሊጠና ይገባዋል። ኮታ ለመሙላት ተብሎ በችኮላ፣ ሳይገባው የተመዘገበ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ደጃፉን ቢዘጋ ሊያስገርም አይችልም።

ከሁሉም የከበደው ቅሬታ የመድኃኒት ነገር ነው። አባሉ መዋጮውን ከፍሎ፣ ተራ ጠብቆ፣ በሐኪም ታይቶ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲደርስ «ይህ የለም» ከተባለና ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ገንዘብ ከገዛ፣ የመድኑ ትርጉም ከእጁ ያመልጠዋል። ለዚህ ማስተባበያ ማቅረብ አይቻልም። የመድኃኒት አቅርቦት ከውጭ ምንዛሪ፣ ከግዢ ሂደትና ከስርጭት ጋር የተያያዘ በመሆኑ በወረዳ ደረጃ ብቻ የሚፈታም አይደለም። አንዳንድ ወረዳዎችና ከተሞች ከሕዝብ መድኃኒት ቤቶች ጋር ውል በመግባት አባሉ በጤና ተቋሙ ያጣውን መድኃኒት ከዚያ ያለ ክፍያ እንዲያገኝ አድርገዋል፤ በአዲስ አበባ ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር የተደረገው ውል ለዚህ ምሳሌ ነው። እንዲህ ያለ ውል በሌለበት አካባቢም ቢሆን አባሉ ባዶ እጁን ከመመለሱ በፊት ሊያደርገው የሚገባ ነገር አለ። መድኃኒቱ በተቋሙ አለመኖሩ በማዘዣ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ማኅተም እንዲደረግበት መጠየቅ፣ ከውጭ የገዛበትን ደረሰኝ መያዝና ሁለቱንም ለወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ማቅረብ ይኖርበታል። ገንዘቡ ተመላሽ መሆን አለመሆኑ በየአካባቢው መመሪያ የሚወሰን ቢሆንም ወረቀቱ ከንቱ አይቀርም። ከተቋሙ ጋር የሚደረገው ውል ሲታደስ ስንት አባላት «የለም» ተብለው እንደተመለሱ ማስረጃ የሚሆነው እርሱ ነው። በቃል ብቻ የቀረ ቅሬታ ግን በክርክሩ ጊዜ አይገኝም።

አባላት በሁለተኛ ደረጃ የሚያማርሩት የሪፈራልን ሥርዓት ነው። ካርድ ያለው ሰው መጀመሪያ መሄድ የሚገባው ውል ወደ ተገባበት ጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ በላይ ሕክምና ካስፈለገው በሪፈራል ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይላካል። ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ አባል ወጪውን በከፊል ወይም በሙሉ ከራሱ እንዲከፍል ሊደረግ ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ግን ከዚህ ይለያል፤ ሕይወቱ ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ወረቀት ፍለጋ መመላለስ የለበትም። የዓይን መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለውበት የሚደረግ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። በሌላ በኩል የወሊድ አገልግሎት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት ለማንኛውም ዜጋ በነፃ የሚሰጡ ናቸው፤ የመድን ካርድ አይጠየቅባቸውም። ለእነዚህ አገልግሎቶች ካርድ አምጡ ወይም ክፈሉ የተባለ ሰው ጉዳዩን ለተቋሙ ኃላፊ ማሳወቅ አለበት።

ጥርጣሬው የገበሬው ብቻ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። ለደመወዝተኞችና ለጡረተኞች የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ቢደነገግም ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ፣ ከጡረተኛው ደግሞ 1 በመቶ እንዲዋጣ ነበር የታቀደው። የመንግሥት ሠራተኛው ያቀረበው ተቃውሞ ከገበሬው ጥያቄ በመሠረቱ አይለይም፤ ኑሮው በተወደደበት ጊዜ ከደመወዜ ከመቀነሱ በፊት የምታከምበት ተቋም ይስተካከል ነው ያለው። የተማረውና ያልተማረው፣ ከተሜውና ገጠሬው አንድ ዓይነት ጥያቄ ካነሡ፣ መልሱ በትምህርታዊ ቅስቀሳ ብቻ ሊሰጥ አይችልም።

ለመመዝገብ ወይም ለማደስ የሚፈልግ ቤተሰብ የቀበሌ መታወቂያ፣ የቤተሰቡን አባላት ዝርዝርና ፎቶግራፍ ይዞ በምዝገባው ወቅት በቀበሌው ጽሕፈት ቤት መቅረብ ይኖርበታል። ባል፣ ሚስትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በአንድ መዋጮ ይካተታሉ፤ ከዚያ በላይ ዕድሜ ላላቸው አብረው ነዋሪ የቤተሰብ አባላት ተጨማሪ ይከፈላል። የመዋጮው መጠን ከአካባቢ አካባቢ፣ በገጠርና በከተማም ስለሚለያይ የዓመቱን ተመን ከቀበሌው መጠየቅ ተገቢ ነው። ከደረሰኝ ውጭ ለማንም መክፈል አይገባም፤ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው መጠንና የተከፈለው ገንዘብ እኩል መሆናቸውንም እዚያው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የወረዳው የጤና መድን ጠቅላላ ጉባኤ በሚካሄድበት ጊዜ አባላት ወይም ተወካዮቻቸው ሦስት ነገር እንዲነበብላቸው ሊጠይቁ ይችላሉ፤ በዓመቱ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው ጤና ተቋም ስንት እንደተከፈለ፣ በምርመራ ምን ያህሉ ተቀናሽ እንደተደረገ። ደረሰኙ ካርዱ ከተሰጠ በኋላም አይጣልም፤ የአባሉ ስም በመዝገብ ሳይገኝ ቢቀር መክፈሉን የሚያረጋግጥለት እርሱ ነው። የእድሳት ጊዜው ያለፈበት ካርድ በጤና ተቋም ተቀባይነት ስለሌለው ቀኑን ከወዲሁ ማየት ይበጃል።